በረንዳው ወደ ውሃው የሚያይ ክፍል

ያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ ጽጌ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ። አባቴ ተስፋዬ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ መሪ ሳይጨብጥ የዋለበት ቀን ስለነበር እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው። ታላቅ እህቴ ሄለን፣ አዲሱን የዋና ልብሷን ከቤት ጀምሮ ከሹራቧ ሥር ለብሳ የመጣችው። የአባቴ ወዳጅ ጋሽ መሓሪ፣ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ጡረተኛ፣ ውሃ መጫወቻ ድረስ ከረባት አስረው የተገኙት። እና እኔ ናሆም፣ የቤቱ ትንሹ። ሌላ ማንም አልነበረም። ዛሬ "እኔም እኮ ነበርኩ" የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው በረኪና ነው። ባለፈው ቅዳሜ የመታጠቢያ ገንዳዬን በበረኪና እያሸሁ ስልኬ ጠራ፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ የሚኖረው ጓደኛዬ ብሩክ ነበር። ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ፍሎሪዳ ካሉት ትልልቅ የመጫወቻ ፓርኮች ወደ አንዱ ሊሄድ ነው፤ ሚስቱ መስኮቱ ወደ ፓርኩ የሚያየውን ውዱን ክፍል ቡክ እናድርግ ብላዋለች፣ እሱ ደግሞ ምስክር ፍለጋ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጓደኞቹን ሰብስቧል። "ለመተኛ እኮ ነው! ዓይን ከተጨፈነ ሁሉም ክፍል አንድ ነው" አለ፤ ከጀርባው ያሉትም ሳቁለት። "እስቲ አንተ ዝምተኛው፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" ያዋጣል አልኩት። "በምን ሒሳብ?" ሲለኝ ግን ሌላ ጊዜ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ በስልክ የሚነገር አልነበረም፣ የበረኪናውም ሽታ በልጅነቴ ወደሄድንበት የብሉሚንግተን ሆቴል ወስዶኝ ነበር፤ ውጭ በረዶ ተቆልሎ ውስጡ እንደ ሐምሌ ወበቅ ወደሚያፍነው፣ ጣሪያው መስታወት፣ አየሩ ዓይን የሚቆጠቁጥ ወደሆነው አዳራሽ። መልሴን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እናቴ የቢሾፍቱ ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟን ሐይቅ ወስዶባታል፤ እሷ ዳር ላይ ልብስ እያጠበች፣ እሱ እየተጫወተ። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ስለ ሰው ተንኮል ይለዋል፤ እናቴ ግን ስለ ውሃ ብቻ ነበር የምትለው። እንዲህ ያለችውን ሴት ዕድሏ በየሰፈሩ ሐይቅ ወዳለበት ሚኒሶታ አመጣት። በጋ ሲገባ የሮዝቪል ጎረቤቶቻችን ጎማና ፎጣ ጭነው ሲወጡ እኛም እንወጣለን፤ ነገር ግን እናቴ ከመኪናው አትወርድም፣ እኛም ከሣሩ አናልፍም። ሄለንና እኔ ሌሎች ልጆች ሲንቦጫረቁ እያየን ሐብሐብ እንበላለን፤ እስከ ዛሬ ሐብሐብ የማልገዛው ለዚህ ይመስለኛል። ትምህርት ቤታችን ዋና ሊያስተምር ሲነሳም፣ ከየክፍላችን ደረቅ ፀጉር ይዘን የምንመለሰው እኛው ብቻ ነበርን።

አባቴና እናቴ የሚጣሉት በዚህ አንድ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። እሱ "እዚህ አገር ውሃ ከልጆቹ አይሸሽም፤ አንድ ቀን እኔም አንቺም በሌለንበት ይገባሉ፣ ያን ጊዜ ካልለመዱ ነው የሚሰምጡት" ይላታል። እሷም "ሳላያቸው አይገቡም" ትለዋለች። "እሺ እያየሻቸው ይግቡ።" "ማየት አልችልም።" ነገሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይታነቃል። እልህ አልነበረም፤ ከመኪናው ውስጥ ሆና እንኳ ፊቷን ወደ ሐይቁ አታዞርም ነበር። እኔ በአባቴ ላይ ብፈርድ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ።

አንድ ቀን አባቴ የብሉሚንግተኑን ሆቴል ፎቶ አሳያት፤ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ያለ፣ ሆዱ ውስጥ የውሃ መጫወቻ የተሠራለት። ፎቶው የተነሳው ከላይ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ከሥሩ ያለው ንጣፍ አንድ በአንድ ይታያል። እናቴ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና "መሬቱ ይታያል?" ብላ ጠየቀች። የቢሾፍቱ ሐይቅ መሬቱ አይታይም፤ ወንድሟን የት እንደሚፈልጉት ያጡትም ለዚህ ነበር። አባቴ መሬቱ እንደሚታይ፣ ግን የሚታየው በረንዳቸው ወደ ውስጥ ከሚያይ ክፍሎች ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሌሎቹ ክፍሎች የሚያዩት የመኪና ማቆሚያውንና ተዝቆ የተከመረውን በረዶ ነው። ባለ በረንዳዎቹ ደግሞ የሆቴሉ ውዶች ነበሩ።

የሮዝቪል አበሻ ይህን ሲሰማ ጉድ አለ። ሰው ቤቱ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እያለ ለመተኛ ይከፍላል? "ተስፋዬ፣ ሱልጣን ሆንክ አሉ!" ይሉታል። አንዷ እናቴን "እቤታችሁ ገንዳ የለም እንዴ፣ ጽግዬ? እኔ ጋ መጥታችሁ ታጠቡ" አለቻት። አባቴ ዋጋውን ለማንም አልተናገረም፤ ለእኛም እስከ ዛሬ አልነገረንም፣ እኔም አልጠይቀውም።

ክፍሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያሳፍር ክፍል ነበር። ጫካ መስሎ እንዲታይ አልጋው ካልተላገ ግንድ ተሠርቷል፣ መብራቱን የሚይዘው የእንጨት ድብ ነው፣ ግድግዳው ላይ የማይሄድ ባቡር ተስሏል። እናቴ የሆቴሉን አንሶላ ገፍፋ ከቤት ያመጣችውን አነጠፈች፤ ማን እንደተኛበት አይታወቅም ብላ። ከፔርሙስ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች። ጋሽ መሓሪ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመረመሩ በኋላ የሕንፃውን ግድግዳ ቀዶ ወጥቶ ተጠማዝዞ የሚመለሰውን ትልቁን የሸርተቴ ቱቦ አዩና "ይህ ሰው የሚያጓጉዝ ቧንቧ ነው፤ መሐንዲሱ ጤነኛ ነበር?" አሉ። ከዚያ ከእናቴ ጎን በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ላብ በአንገታቸው ይወርዳል፣ ከረባታቸውን ግን አላላሉም።

እናቴ እኛን ወደ ውሃው ከመልቀቋ በፊት አንድ ሕግ አወጣች። በጠራችን ቁጥር፣ የትም ብንሆን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን "አቤት!" ማለት አለብን። እኛ እዚህ የተወለድን ልጆች ስንጠራ የምንመልሰው "ዋት?" ነበር፤ ያን ቀን ግን "ዋት የሚል ልጅ የለኝም፤ ዋት ካላችሁኝ እንደ ሰመጣችሁ ነው የምቆጥረው" አለችን። ጋሽ መሓሪም ጨመሩበት፦ "አቤት ማለት አፍን ከውሃ በላይ ማድረግ ነው። ሳይንስ ነው።"

እናም ተጀመረ። "ሄለን!" አቤት! "ናሆም!" አቤት! ድምፅዋ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ መስታወቱ ላይ ይነጥርና ከአራቱም ማዕዘን ይመጣል። መጀመሪያ አፈርን፤ ሄለን የማታውቃት መስላ ልታልፍ ሞክራ ነበር። የፈረንጅ ልጆች ግን ጨዋታ መሰላቸው። አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ከእኔ ቀድሞ "አቤት!" አለ፤ ቀጥሎ ጓደኞቹ፣ ቀጥሎም ገንዳው በሙሉ። እናቴ "ናሆም!" ስትል የማይታወቁ የሚኒሶታ ልጆች በአንድ አፍ "አቤት!" ይላሉ። አባቴ በረንዳው ላይ በሳቅ ተጣጠፈ። እናቴም ሳቀች፤ ውሃ እያየች ስትስቅ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት። በኋላ አማርኛ ማንበብ ለራሴ ሳስተምር አቤት የመልስ ቃል ብቻ ሳይሆን የተበደለ ሰውም የሚጮኸው ቃል መሆኑን ደረስኩበት። ያን ጊዜ ግን ትርጉሙ "እዚህ ነኝ" ብቻ ነበር።

ከዚያ ተራዬ ደርሶ ወደ ትልቁ ቱቦ ገባሁ። ቁመቴን ለክተውልኛል፣ ጎማ ሰጥተውኛል፣ ከላይ ያለችው ጠባቂም ሂድ ብላኛለች። ቱቦው ከሕንፃው ውጭ ሲወጣ ጨለማ ነው፤ ከውሃው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። በዚያች ቅጽበት እናቴ ከላይ "ናሆም!" ብላ ተጣራች። ገንዳው ሁሉ "አቤት!" አለ። አንድ ጊዜ ደግማ ጠራች፤ አሁንም "አቤት!" አባቴ "ይኸው መለሰ እኮ" ሲላት "የሱ ድምፅ አይደለም" አለችው። ይህን አባቴ ነው የነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስጠይቀው "ሮጠች በቃ" ይላል።

ቱቦው ሲተፋኝ መጀመሪያ ያየሁት በውሃው ላይ ተነፍቶ የተንሳፈፈ ሰማያዊ አበባ ነው። ቀና ስል እናቴ ናት፤ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ የነጠላዋ ጫፍ ከኋላዋ እየተጎተተ። ማንም ሳይጠራኝ "አቤት" አልኳት። ጆሮዬን ያዘችኝ፤ ጆሮዬን ስትይዘኝ ቅጣት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልቆነጠጠችም፣ አልለቀቀችምም፣ ይዛኝ ቆመች። የገንዳው ጠባቂ ፊሽካ እየነፋች በልብስ ውሃ ውስጥ መቆም ክልክል መሆኑን ነገረቻት። እናቴ ፊቷን ሳታዞር "ዋን ሚኒት" አለቻት። ከዚያ ወደ ታች አየች። የት እንዳለች ያወቀችው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ በሌላ እጇም ትከሻዬን ያዘች።

"መሬቱ የታለ?" አለችኝ።

"እግርሽ ሥር ነው፣ እማዬ።"

ረገጠችው። አንድ እግሯን አንስታ እንደገና ረገጠችው፤ ሰው የአዲስ ቤት ወለል እንደሚሞክር። ይህን ጊዜ አባቴ ከበረንዳው በሙሉ ድምፁ "ጽጌ!" ብሎ ተጣራ። ልጆቹ ሁሉ መልሱን ለመስማት ወደ እሷ ዞሩ። እናቴ አቤት አላለችም። ቀና ብላ "ወዬ!" አለችው። ሰው ለሚወደው ሰው እንደሚመልሰው፤ በቤታችን ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ። ቀይ ፀጉሩ ልጅ ግራ ገብቶት ትንሽ አሰበና እሱም "ወዬ!" አለ።

ከውሃው ቶሎ አልወጣችም። ወጥታም እርጥቡን ቀሚሷን ቀይራ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ ጋሽ መሓሪ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ከረባታቸውን አስተካክለው እጇን ጨበጡ፤ እንኳን ደስ አለሽ ሳይሆን "እንኳን አደረሰሽ" ነበር ያሏት፣ እንደ በዓል። በዚያው ወር ዋና እንድንማር ፈቀደች። በጋ ላይ ሐይቅ ስንሄድ ከመኪናው ወርዳ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ ትቀመጥ ነበር፤ እዚያ ሆና ስማችንን ትጠራለች፣ እኛም ከመሃል እንመልሳለን። ሄለን ዛሬ ወንዝ ታቋርጣለች የምትባል ዋናተኛ ናት። እኔም አልሰምጥም።

ስለዚህ ብሩክ ሆይ፣ ከጀርባህ የሚስቁትም ይስሙ፦ እኛ የከፈልነው ለመተኛ አልነበረም። ዓይን ሲጨፈን ክፍሉ ሁሉ አንድ ነው ብለሃል፤ አባቴ የከፈለው ግን ለተገለጠ ዓይን ነው። በርካሹ ክፍል ቢሆን ጨርሶ አንሄድም ነበር፤ ሄደን ቢሆን እንኳ እናቴ የምታየው የተከመረ በረዶ ነበር። አልጋው አስቀያሚ ነበር፣ የእንጨቱ ድብ አስቀያሚ ነበር፣ ሮዝቪል ሁሉ ስቋል፣ ዛሬም ይሳቅ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቁም ነገረኛ ሰው ብዙ ቁም ነገረኛ ነገር ሲገዛ አይቻለሁ፤ ከዚያ በረንዳ ጋር የሚወዳደር ግን አላየሁም። ልጆችህን የሚያያቸው ሰው ካለ፣ ማየት የሚችልበትን ቦታ ግዛለት። ይህን አስተያየቴን አልቀይርም።

እናቴ አርፋለች። ከሞተች በኋላ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሆቴል ሄጄ ነበር፤ ስሙ ተቀይሯል፣ በረንዳዎቹም ጩኸቱ ተኚውን እንዳይረብሽ ተብሎ በወፍራም መስታወት ተዘግተዋል። ከላይ ማየት ይቻላል፣ መጣራት ግን አይቻልም። ስሜን ሙሉ አድርጎ ከሩቅ የሚጠራኝ ሰው ዛሬ የለኝም፤ ሁሉም በስልክ ይጽፉልኛል፣ እኔም በአውራ ጣቴ እመልሳለሁ። የጎደለው ይህ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ትንሽ ግን አይደለም።

ሌላም የጎደለኝ አለ፣ ለዚህ እናንተን እፈልጋለሁ። ያን ቀን ሁሉንም አይቻለሁ፤ እናቴ ከበረንዳው ተነስታ ውሃው ውስጥ እስክትቆም ያለውን ብቻ አላየሁም፣ ቱቦው ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ መሓሪ፣ እርስዎ አጠገቧ ነበሩ፤ ስትነሳ ምን አለች? ጫማዋን አድርጋ ነበር? ሄለን፣ አንቺ ገንዳው ውስጥ ነበርሽ፣ ፊትሽ ወደ ደረጃው ነበር። አሳንሰሩን ጠብቃ ነው የወረደችው ወይስ ደረጃውን? ሁልጊዜ "ረስቼዋለሁ" ትይኛለሽ፤ ሌላውን ሁሉ እርሺው፣ ይህን አንዱን ብቻ አስታውሺልኝ። ውሃው ዳር ስትደርስ ቆም ብላ ነበር፣ ወይስ ሳትቆም ገባች?