የአባቴ ሜዳሊያዎች

ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚያወጣውን ቀጭን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የቁልፍ እንኳ ቢሆን፣ አባቴ ኮቱን ለብሶ ከጓዳ የሚወጣ ይመስለኛል። ከምሥራቅ ጦር ግንባር እያነከሰ ሲመለስ ያመጣቸው ሜዳሊያዎች ኮቱ ላይ ተሰክተው፣ በተራመደ ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይሉ ነበር። ናዝሬት ውስጥ እኛ ሰፈር «ሃምሳ አለቃ» ከተባለ እሱ ነው፤ የተጣላ ያስታርቅ፣ ለቅሶ ቤት ከፊት ይቀመጥ ነበር፣ እኔም በእሱ ስም ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

በጋ ላይ፣ ነፋሱ አቧራውን እያዞረ ቤት ድረስ በሚያስገባበት ሰሞን፣ ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ተባለ። ሰዉ «ጥይት ያልፈራ ሰው እያለልን ማን ይናገርልን?» ብሎ አባቴን ወከለ። እሱም ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሜዳሊያዎቹን እንዳደረገ ቀይ ቀለም የያዙ ሠራተኞቻቸውን አስከትሎ መጣና፣ የሚፈርሱትን ቤቶች በከዘራው ያሳያቸው ጀመር። የጓደኛዬ የሌንሳ በር ላይ ኤክስ ሲሳል እናቷ አዴ ፋጡማ፣

«ሃምሳ አለቃ፣ የላክንዎት ለዚህ ነበር እንዴ?» አሉት።

«እኔ እምቢ ብል የባሰ ሰው ይመጣባችኋል፤ ቢያንስ ቀን አስጨምሬላችኋለሁ» አለ። የእኛን በር ግን ቀለም አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ የግቢያችን በር በቀን ይቆለፍ፣ ቁልፉም አባቴ ኪስ ውስጥ ይውል ነበር። ትምህርት ቤት እንኳ ልተንፍስ ስል፣ የታሪክ መምህራችን ስለ አንድ የፈረንሳይ ማርሻል አስተማሩን፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አገሩን ያዳነ ጀግና፣ በሁለተኛው ሸምግሎ፣ ሕዝቤን ልከልል ብዬ ነው እያለ ለወራሪው ያደረ። «ታዲያ ጀግና ነው ባንዳ?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሌንሳ ብቻ አልዞረችም። ጀግና ብል እሷን፣ ባንዳ ብል አባቴን ልሸጥ ሆነ፤ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

ክረምት ሲገባ ዶዘሩ መጣ። ሌንሳና እናቷ ዕቃቸውን በዝናብ አይሱዙ ላይ ጭነው ወደ ደራ ሲሄዱ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ቻው ልላት ፈልጌ በሩን ብደበድብ፣ አባቴ «ተይ ልጄ» አለኝ እንጂ አልከፈተልኝም።

ዛሬ የመምህሩን መልስ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱንም ነው፤ ግን ጠያቂ የለኝም። አባቴ አርጅቷል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ? በዓል በመጣ ቁጥር ኮቱን ለብሶ ወደ መንገዱ ዞሮ ይቀመጥና «ዛሬ ማን ይመጣ ይሆን?» ይለኛል። ያኔ ሰው እንዳይመጣብን የምንቆልፈው በር አሁን ወለል ብሎ ይውላል፤ የሚገባው ግን የመንገዱ አቧራ ብቻ ነው።