ከሞተሩ በላይ

የወንድምሽ ልጅ ጫካ ገብቷል ብለው ወታደሮች ከቡሬ ከቤቴ ወሰዱኝ። ፍኖተ ሰላም አንድ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በርበሬ ሲከማችበት የኖረ ስለሆነ ግድግዳው ሳይቀር ያስነጥሳል። ዘጠኝ ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል።

በማግስቱ ጠዋት ከመስኮታችን ሥር ጄኔሬተር ተነሣ። መብራት ግን አልጠፋም ነበር።

"ዲያቆኑን ሊገርፉት ነው፤ ጩኸቱ እንዳይሰማ ነው የሚያስነሡት" አለችኝ አንዲት የማንኩሳ ፊዚክስ አስተማሪ። ዲያቆኑ የታሰረው ከጎናችን ባለው ክፍል ነው። ትናንት ደም ሲተፋ አይተውታል። ዛሬን የሚያልፍ አልመሰላቸውም።

"ኡኡ ልበል" አልኳት። በእኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። ቀኑ የገበያ ነው፤ መንገዱም ከአጥሩ ባሻገር ነው።

"ብቻዎን ሞተሩ ይውጥዎታል፣ እማማ። ድምፅ በዴሲቤል ሲለካ እንደ እህል አይደመርም። ሁለት ሰው ቢጮህ ጆሮ ብዙም አይለየውም። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር ሰው ይፈልጋል።"

"እኔ ብቻዬን አሥር ነኝ፤ ባሌን ጠይቂው" አለች የዱርቤቴዋ ጠላ ሻጭ።

አስተማሪዋ አልሳቀችም። "የሞተሩ ድምፅ ወፍራም ነው። ጆሮ ቀጭኑን ይበልጥ ይሰማል። ሁላችንም በቀጭኑ፣ ባንዴ።"

ከእኔ ጋር አሥር ነን። እኔ ጀመርኩ፤ እነሱ ተቀበሉኝ። በርበሬው ጉሮሮዬን ላጠው።

ከአጥሩ ውጭ "ምንድን ነው? ማን ሞተ?" የሚል በዛ። ወዲያው የግቢው በር ይደበደብ ጀመር። ሞተሩ ጠፋ።

አለቃቸው ገባ። "የቷ ናት የጀመረችው?"

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። "እኔ ነኝ። ካልሰማህ ልድገምልህ?"

በጥፊ መታኝ። አልተቀመጥኩም። ሰዉ ከበሩ አልሄድ ሲል ዲያቆኑን ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ተረፈ።

ከተፈታሁ ከርሜያለሁ፤ በቀደም ያ አለቃ ሽማግሌዎች ላከብኝ። ቤቴ ገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይቅር ይበሉት" አሉኝ።

"በገበያ ቀን መሃል ገበያ ቆሞ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ጮኾ ይናገር። ከዚያ እንነጋገራለን።"

"ይህማ ውርደት ነው" አሉ አብረው የመጡት ቄስ።

"አዎ፣ አባ" አልኳቸው።

እስካሁን አልመጣም። ዕድሜ እንዲሰጠው እጸልያለሁ፤ ድምፁም ሳይዘጋ እንዲቆይልኝ።