«መንገድ ተዘግቷል» ያለን ሾፌር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ልጄ ድና ተመልሳለች። ስለዚህ «ማመስገን እንጂ መናደድ አይገባሽም» የሚሉኝ አሉ። አመሰግናለሁ፤ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ። ንዴቱ ግን ከሆዴ አልወጣም። የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ይዤ እኖራለሁ። ትልቁ ናሆም ሥራ ይዟል። ታናሽ እህቱ ሶስና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በልጅነቷ ቶንሲል እየተመላለሰ ሲያማት ቆይቶ የልቧን ቫልቭ ጎድቶት ኖሯል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ውጭ ቢሆን ይመረጣል አሉን። የጽዋ ማኅበሬ፣ የእድራችን ሰዎች፣ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተረባርበው ሕንድ አገር፣ ቼናይ ወደምትባል ከተማ ላኩን። ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሆስፒታሉ ወጥተን ራቅ ብሎ የሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ገባን። እስክትጠነክር እየተመላለሰች እንድትታይ ተነግሮን ነበር።

እዚያ አገር መኪና የሚጠራው እንደኛው በስልክ አፕ ነው። የእኔ ስልክ አሮጌ ነው፤ አፑን አልቀበልም አለ። ናሆም «እማ፣ አንቺ አትልፊ፣ እኔ ከዚህ እጠራላችኋለሁ» አለኝ። እንዳለውም ያደርግ ነበር። ጀሞ ቤታችን ተቀምጦ ቼናይ ውስጥ መኪና ይጠራል። ጉዞው የሚጀመረው ሾፌሩ የምስጢር ቁጥር ሲነገረው ነው። ቁጥሩ ለናሆም ይመጣለታል፣ እሱ ደውሎ ለሶስና ይነግራታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ለሾፌሩ ትነግረዋለች። በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰናል። ባለ አእምሮ ልጅ ስላለኝ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

በቤታችን አንድ ደንብ አለ። ከእኛ አንዱ መኪና ጠርቶ ሲሳፈር፣ ሌላው እስኪደርስ ድረስ በስልኩ ይከታተለዋል። ደንቡ የመጣው በጎረቤቴ በዘነበች ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቱ ከሀይሌ ጋርመንት ተሳፍራ ወደ ቤት ስትመጣ፣ ሾፌሩ «መንገድ ተዘግቷል» ብሎ በፉሪ በኩል ጭር ወዳለ ቦታ ወሰዳት። እዚያ ስልኳንና ቦርሳዋን ቀምቶ ጥሏት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በብሎካችን «መንገድ ተዘግቷል» የሚል ሾፌር ሌባ ነው።

ይህን ፍርሃት ይዘነው ባሕር ተሻገርን።

የዚያን ቀን ሶስና ስትነሳ አተኮሳት። ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የማረፊያው ባለቤት ሆስፒታሉ ጋ ደወሉልን። «ሳትዘገዩ አምጧት» አሉ። ናሆም መኪና ጠራ።

የመጣው ሾፌር ሽበት የወረረው ሰው ነው። ስሙ ሰልቫም መሆኑን ናሆም ከስልኩ አንብቦ ነግሮናል። እኛ እምነት እንደምንቀባው እሱም ግንባሩን ነጭ አመድ ተቀብቷል። ከመሪው በላይ የሚያመልኩት ትንሽ ምስል ተለጥፏል። እኔ እንደ ልማዴ አማተብኩ። በመስታወት አይቶኝ እሱም ምስሉን ዳሰስ አድርጎ እጁን ወደ ግንባሩ ወሰደ። ሶስና ደረቷን ይዛ ስትቀመጥ ሲያይ ዘፈኑን አጠፋና ቀስ ብሎ ነዳ። ጉድጓድ ሲያገኝ ይቆም ነበር ማለት ይቻላል።

ጥቂት እንደሄድን ናሆም ደወለ።

«እማ፣ መኪናው መታጠፍ ያለበት ጋ አልታጠፈም።»

«ሌላ መንገድ ይሆናላ» አልኩት።

«እየራቀ እኮ ነው። መስመሩ ወዲያ ነው፣ እናንተ ወዲህ ናችሁ።»

ከኋላው የዘነበች ድምፅ ተሰማኝ። የሶስናን ሁኔታ ለመጠየቅ መጥታ ስልኩን አብራው እያየች ነው።

«ወዴት ነው የሚወስዳቸው? የእኔንም ልጅ እንዲሁ ነው ያደረጋት» ትላለች።

«ሶስናዬ፣ ጠይቂው» አልኩ።

ሶስና ጠየቀችው። ሰውየው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ግራ እያመለከተ መለሰላት። እንግሊዝኛው ብዙም አልነበረም፤ እንደ ከበሮ መምታት እያደረገ በእጁ አሳያት።

«መንገድ ተዘግቷል ነው የሚለው እማ። የሃይማኖት በዓል አለ መሰለኝ።»

ናሆም ሰማት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ።

«ኧረ ውረዱ በላቸው» አለች ዘነበች። «ምን ትጠብቃለህ አንተ? ሰው ባለበት ቦታ ሳሉ ይውረዱ እንጂ።»

«እማ፣ ውረጂ። አሁኑኑ አስቁመሽ ውረጂ።»

ልጄ እንደዚያ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። አባቱን የሰማሁ መሰለኝ። መኪናው ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለቱም ወገን የግንብ አጥር ነው። የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረግሁት። ሶስና «እማ፣ እባክሽ» አለችኝ። እኔ ግን በሩን መክፈት ጀምሬ ነበር።

ሰውየው ደንግጦ ቆመ። ወርዶም መጣ። በመጀመሪያ ሶስናን አመለከተኝ፣ ቀጥሎ ደረቱን ያዘ፣ ከዚያ ወደ ፊት አመለከተ። ሆስፒታሉ በዚያ ነው ማለቱ ነበር። እኔ «ሂድ» አልኩት በአማርኛ። ብር ብሰጠው አልተቀበለኝም። ለመንገደኞች አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰዎችም መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ጮህኩ። ናሆም በስልኩ ውስጥ «አትመለሺ እማ፣ እንዳትመለሺ» ይለኛል። ሰውየው በመጨረሻ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሶስናን የአጥር ጥግ አስቀመጥኳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጄ የተሰፋችው ገና በቅርቡ ነው።

ናሆም ሌላ መኪና ጠራ። «መጣ፣ መጣ» ይለኛል። ከዚያ «ሰረዘው» ይላል። እንደገና «አሁንስ አገኘሁ» ይላል። እሱም ይሰርዛል። ለምን እንደሚሰርዙ አንዳችንም አላሰብንም። የሶስና ከንፈር መልኩ እየተለወጠ ነው። «እማ፣ ደክሞኛል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔ እመብርሃንን ስጣራ ናሆም «መኪናዋን እያየኋት ነው፣ ትንሽ ነው የቀራት» ይለኝ ነበር። እዚያ የሚያያት መኪና እኔ ፊት አልነበረችም።

ከመንገዱ ማዶ የአበባ ጉንጉን የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጃንጥላዋን ነቅላ መጥታ ሶስናን አስጠለለቻት። አንገቷ ሥር ብቅ ያለውን የስፌት ጫፍ ስታይ ወደ እኔ ዞራ ተናገረችኝ። ቋንቋውን አልሰማሁም፤ ስድብ መሆኑ ግን ገብቶኛል። ይገባኝም ነበር። ከዚያ መንገድ ላይ ወጥታ አንድ ባጃጅ አስቆመች፤ ያው እኛ ፉሪ የምንሳፈራት ዓይነት ባጃጅ። ሾፌሩን አዘዘችው። ሆስፒታሉን በስሙ ነገርኩት። ሶስናን ደግፋ ያሳፈረቻት እሷ ናት።

ናሆም «የማን ባጃጅ ነው? ታርጋውን ላኪልኝ» ሲል ስልኩን ዘጋሁት።

ባጃጁ ሰልቫም ሊወስደን በነበረው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ በግራ በኩል አየሁት። ትልቁ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰው ሞልቶበታል። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ልጆቻቸውን የተሸከሙ፣ ከበሮ የሚመቱ። የሚያመልኩትን በትልልቅ ጥላ ሥር ተሸክመውታል። ፖሊሶች መኪናውን ሁሉ እየመለሱ ነው።

መንገድ ተዘግቶ ነበር።

እኔ ስንት ዓመት ጥምቀት ያከበርኩ ሴት ነኝ። ታቦት ሲወጣ መንገድ እንደሚዘጋ፣ መኪና ሁሉ በጓሮ በጓሮ እንደሚዞር አውቃለሁ። ናሆምም ያውቃል፤ በልጅነቱ ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ያነጥፍ ነበር። ስልኩ ግን መስመር እንጂ በዓል አያሳይም።

ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር። ተቀብለው አስገቧት። ልቧን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሯል። ቀዱላት፤ ትንፋሿ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙ «ለምን እንዲህ እስክትሆን ዘገያችሁ? መኪና አጥታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሶስና እኔን አየችኝ። «መኪናስ ነበረን» አለችው።

ከዚያ ለናሆም ደወልኩ። ደህና ናት ስለው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ቀጥሎ የተናገረውን ባይናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«አይዞሽ እማ፣ ለኩባንያው ሪፖርት አድርጌዋለሁ። እናቴንና እህቴን አፍኖ ሊወስድ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሱልኝ። አግደውታል።»

«ማንን?»

«ሾፌሩን ነዋ። ሁለተኛ ሰው አይጭንም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች ዘነበች ከኋላው። አሁንም አልሄደችም።

«ናሆም፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር» አልኩት።

«እንዴት ተዘግቶ?» አለ።

«በዓይኔ አየሁት። ሰውየው እውነቱን ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ እማ፣ እኔ የማየው ስልኩን ነው።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሶስና ነበረች። ሰውየው ዘፈኑን ስላጠፋላት፣ ለጉድጓዱ ስለቆመላት የምንመሰክር ሁለት ሰዎች ነበርን። ኩባንያው አንዳችንንም አልጠየቀም። ባሕር ማዶ ሆኖ መስመር የሚያይ ልጅ ጻፈ፣ እነሱም አመኑ። ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላ ሽማግሌ ይቀመጥለታል። እድር እንኳ አባሉን ሲቀጣ ጠርቶ ይሰማዋል። ይህን ሰው ማን ሰማው? ከእንጀራው ላይ አንስተው ሲጥሉት ምን አድርገሃል ብለው ይሆን የነገሩት?

ናሆምን «አሁኑኑ ጻፍ፣ ተሳስተናል በል» አልኩት። ጻፈ። የመጣው መልስ «ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን፣ የእርስዎ ደኅንነት ቀዳሚ ጉዳያችን ነው» የሚል ነበር። እንደገና አስጻፍኩት። ያው መልስ መጣ። ሰው ያናግረኝ ብሎ ብዙ ለመነ፤ ሰው አልመጣም። የሾፌሩ ስልክ ቁጥርም ከዚያ በኋላ ለናሆም አይታየውም። የማረፊያው ባለቤትም ሊያገኙልን ሞከሩ፤ በዚያ ከተማ ሰልቫም የሚባል ሾፌር ብዙ ነው አሉን። ሰው ለመክሰስ አንድ ቁልፍ ይበቃል። ክስን ለመመለስ ግን ቁልፍ አልሠሩለትም።

አገራችን ስንገባ ዘነበች እንኳን ደህና መጣችሁ ልትል መጣች። «የዚያን ቀን እኛ ባናይላችሁ ኖሮ» ብላ ጀመረች። «ባታዩልን ኖሮ በጊዜ እንደርስ ነበር» አልኳት። ተቀየመችኝ። የእሷ ልጅ በእውነት መዘረፏን አውቃለሁ፤ ፍርሃቷን አልንቅም። ግን የፉሪው ሌባ ዕዳ ቼናይ ያለ ሽማግሌ ላይ ተወራረደ። ይህን ሲሏት ደስ አይላትም።

ዘንድሮ የጥምቀት ዋዜማ ዕለት ሶስናን ለክትትል ወስጃት ስንመለስ ናሆም በጠራልን መኪና ተሳፈርን። ጀሞ ልንደርስ ስንል ወጣቱ ሾፌር ዞር ብሎ «እናቴ፣ ታቦት እየወረደ ነው፣ መንገድ ተዘግቷል። በውስጥ ልዙር?» አለኝ።

«ዙር ልጄ» አልኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ናሆም ነው።

«እማ፣ መኪናው መንገዱን—»

«መንገድ ተዘግቷል» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አላለኝም። «እሺ እማ» አለና ዘጋ።

ሶስና በመስኮቱ ከሩቅ የሚሰማውን እልልታ እያዳመጠች ነበር። ትንፋሿ ደህና ነው። የአበባ ሻጯን ሳስታውስ ምስጋና ይመጣልኛል፤ ሰልቫምን ሳስታውስ ግን ንዴት ነው የሚመጣብኝ። በልጄ እናደዳለሁ፣ በዘነበች እናደዳለሁ፣ ሳይጠይቁ በፈረዱት ሰዎች እናደዳለሁ፣ ያንን በር በከፈተው እጄም እናደዳለሁ። ስሙ የክርስትና ስም አይደለምና ለቄሱ ጽፌ አልሰጥም። ቅዳሴ ላይ ግን በልቤ እጠራዋለሁ፤ እውነቱን ተናግሮ ያመነው ሰው አጥቷልና።