ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር

ልብስ ሰፊዋን የሥራ ባልደረቦቿ «እመት ሰበብ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ልብስ የሚተኩሱት ጋሽ ካውያ ናቸው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ስፌቷን ትታ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ጥቅልል ትላለቻ!

ሕመሙ የጀመራት ገና በልጅነቷ ነው። እናቷ፣ «እኛም ሴቶች ነን፤ ማን ሞተ?» አሏት። ሐኪሙ፣ «ስታገቢ ይተውሻል» አላት። አገባች፤ ሕመሙም እንደ ሚዜ አጅቧት ገባ። «እንግዲህ ስትወልጂ ነዋ!» ተባለች። ወለደች። እሱ እቴ፣ ወይ ፍንክች!

ሰውን ደጋግመው «ምንም የለብህም» ካሉት የገዛ ሆዱን መጠራጠር ይጀምራል። እሷም፣ ምናልባት እውነትም ሥራ ጠል ነኝ እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። ሌላው ሳይቀድማት በራሷ መቀለድ ለመደች። «ሰበቤ መጣ!» ትልና እየሳቀች ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች። እዚያ ሳቁ ያልቃል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጇ ደብተሯን እንዳቀፈች ከትምህርት ቤት መጣች። የወር አበባ ካየች ገና ዓመት አልሞላትም። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምንም አልሆንኩም፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ብላ ሳቀችና ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ሳቁ የእናቷ ነበር፤ በልጅቷ ልክ የተሰፋ።

«ይለመዳል» የሚለው ቃል እናቲቱ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ተንበርክካ ገባችና አጠገቧ ተጋደመች።

«ያምሻል አይደል?»

«ትንሽ።»

«እናትሽ ነኝ እኮ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ልጅቷ እናቷ አንገት ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች። «በጣም ያመኛል፣ እማዬ።»

«አምንሻለሁ፣ የኔ ዓለም። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። እሱ ካልሰማን ሌላ ጋ እንሄዳለን።»

ከላይ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጋሽ ካውያ ወገባቸውን ይዘው አጎነበሱና ገና ከካውያው ሥር የወጣ ሙቅ ጨርቅ አጣጥፈው ለልጅቷ አቀበሏት። ሄደው ሌላ ይዘው ተመለሱ።

«ይኼ ደግሞ ያንቺ ነው» አሉ እናቲቱን፣ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ።

ልጅቷ ጨርቁን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ አንቺንም እንዲህ ነው የሚያምሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ትስቂ ነበር?»

እናቲቱ ልትስቅ ቃጣት። ሳቁ እምቢ አላት፤ ሰው እያያት፣ ሙቁን ጨርቅ እንደያዘች አለቀሰች።