ሽማግሌ የተላከብኝ ወንድ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቡሬ አጠገብ ካለው የአባቴ ግቢ ገቡ። ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት። የሚጠየቀው ልጅ ደግሞ... እኔ ነኝ። ፂም ያለኝ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ወንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅጋ የምትኖር ትርንጎ የምትባል ልጅ እወዳለሁ። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈራ ተባ ስል ኖሬ በመጨረሻ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጥኩ።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሰሞኑን ደግሞ የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ወጥሮ ይዞኛል። ስለዚህ ጣጣውን በሙሉ ስልኬ ላይ ለጫንኩት የኤአይ ኤጀንት ሰጠሁት። ኤጀንት የሚባለው ነገር ምክር ብቻ አይሰጥም፤ ቴሌግራሜን ያነባል፣ በእኔ ስም ይጽፋል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ይሰርዛል። የቢሮ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ከርሟል፤ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። «የሽምግልናውን ነገር እስከ መጨረሻው አንተው ጨርስልኝ» አልኩት። ስንፍና ነው፤ አልክድም።

አጀማመሩስ ጥሩ ነበር። ለሽማግሌዎቼ ግሩፕ ከፈተ፣ ሚኒባስ ያዘ፣ ከትርንጎ ወንድም ከዲያቆን አበጀ ጋር ተጻጽፎ ሰዓት ቆረጠ። ሽማግሌዎቼም በቀኑ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ አያ ሙላት ግሩፑ ላይ ጻፉ። «ሄደን ነበር። ልጃችን ገና ናት፣ ዘመድም አልተማከረ፣ የምንሰጠው ልጅ የለንም ብለው መለሱን።»

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። በእኛ ወግ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ነው የሚመስለው። «የለንም» ማለት «ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ኑ» ማለት ነው።

ኤጀንቴ ግን እዚህ አገር አላደገም።

እኔ በዚያ ቀን ለመስክ ሥራ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነበርኩ። በማግስቱ ኔትወርክ ወዳለበት ስደርስ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። አያ ሙላት ለቀጣዩ እሑድ ያስያዙት ሚኒባስ ተሰርዟል። ለሽማግሌዎቼ «ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ተጽፎላቸዋል። ለዲያቆን አበጀ ደግሞ እንዲህ ተጽፎለታል፦ «የቤተሰቡን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እናከብራለን። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አናስቸግራችሁም። ለወይዘሪት ትርንጎ መልካም ዕድል እንመኛለን።»

ወዲያው ደወልኩላት።

«ወይዘሪት ትርንጎ ነኝ» አለች። «መልካም ዕድልህ ደርሶኛል።»

«እኔ ልሙት፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት... ኤጀንቱ ነው።»

«ለእኔ መጻፍ ከብዶህ ሰው ቀጠርክ?»

«ኧረ ሰውም አይደል...»

«ጭራሽ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳችም። እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቀምሻለሁ፣ ግን አልጣመኝም። ልጅቷን አጣኋት ብዬ ከልቤ ፈርቼ ነበር።

ለካ የኔታ ቤትም ሰላም የለም። ዲያቆን አበጀ በኋላ እንደነገረኝ፣ የኔታ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስነብበው ሲያበቁ «በአንድ ቃል የሚመለስ ለማኝ አይቼ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ሌላ ልጅ አግኝተዋል» ብለው ተጨነቁ። ለሁለተኛው ቀጠሮ ጠላ ተጠምቋል፣ ዘመድ ተነግሯል፣ ትርንጎም ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። ቢቸግራቸው ወጉን ገለበጡትና እነሱ ሽማግሌ ላኩ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው ቆሙ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ጌታው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው ደጅዎ የቆምን» አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አሁን አባቴ እሺ ይላሉ፣ ነገሩም ያልቃል ብዬ እግዜርን ማመስገን ጀመርኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቀና አሉ።

«እንግዲህ... ልጃችን ገና ነው። ዘመድም አልተማከረ። ለጊዜው የምንሰጠው ልጅ የለንም።»

ከጓዳ ዘልዬ ወጣሁና ጆሯቸው ሥር ሄጄ «አባዬ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«ዝም በል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አምስት ወንድ ነው የወለድኩ። አራቱን ስድር በየሰው ደጅ ቆሜ ‹የለንም› ስባል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እኔም ልለመን እንጅ።»

ሽማግሌዎቹ ይከፋቸዋል ብዬ ቀስ ብዬ አየኋቸው። የሦስቱም ፊት ፈክቷል። ወግ የሚያውቅ ሰው ቤት መምጣታቸው ገብቷቸዋል። «ደግ፣ እንመለሳለን» ብለው በትራቸውን አንስተው ወጡ።

በሳምንቱ ተመለሱ። አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስለምነው ሰጡኝ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

ትርንጎም ታርቃኛለች። ብቻ «ተለምኖ የተዳረ ሰው ሙያ ይዞ ነው የሚገባ» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጥታኛለች። እናም ዶሮ መበለት እየተማርኩ ነው... ከአሥራ ሁለቱ ብልት አሥራ አንዱ ላይ ደርሻለሁ።