የእናቴ ክርስትና ስም

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ጎጃም ውስጥ ጉንደ ወይን በአስተማሪነት ተመድቤ ሳለሁ ነው። ዛሬም ሰው «ክርስትና ስምሽ ማን ነው?» ሲለኝ ያ ቀን ድቅን ይልብኛል።

እኔ የጉራጌ አገር፣ የእምድብር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ካቶሊክ ሚሲዮን ውስጥ ነው። ጉንደ ወይን ላይ ከኔ በቀር ካቶሊክ አላውቅም። ቢኖርም እንደኔ አፉን ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። የዚያ አገር ሰው ካቶሊክን «ጸረ ማርያም» ይላል። ማርያም፣ ማርያም ስትል የኖረች እናት ላላት ሰው ይህን መስማት ያማል። ስለዚህ የሃይማኖት ነገር ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ። አከራዬ እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ስለነበሩ አጥብቀው አይጠይቁኝም።

በጥቅምት ወር እናቴ ሞተች። መርዶው የደረሰኝ ተቀብራ ከሰነበተች በኋላ ነው። የምትጸልይበትን መቁጠሪያ አብረው ላኩልኝ። ጎረቤቶቼ ለቅሶ ደረሱኝ፤ ክፉ አልነበሩም። አብሮኝ የሚጸልይላት ሰው ግን አልነበረም። መቁጠሪያዋን ይዤ ብቻዬን ስጸልይ የገዛ ድምፄ ይከብደኝ ነበር።

እናቴ በማርያም በዓል ሁልጊዜ በእግሯ ሄዳ ትሳለም ነበር። እናም ኅዳር ጽዮን ሲደርስ እትዬ ብርቄ «መርጡለ ማርያም እንሂድ፣ ሐዘኑም ይቀልልሻል» ሲሉኝ እሺ አልኩ። የመርጡለ ማርያም የድንጋይ ግንብ ላይ የጥንት ካቶሊክ አባቶች እጅ አለበት ሲባል የሚሲዮናችን ሲስተሮች ዘንድ ሰምቼ ነበር። በጠዋት የእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን።

ግንቡን አየሁት። ጣራ የለውም፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ ግን አለ። እጄን አሳርፌበት «እናቴ ይኼን ባየሽ» አልኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሴ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የሞተበት ሁሉ እየቀረበ የሟቹን ክርስትና ስም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በጸሎት ይጠሩለታል። እትዬ ብርቄ የአባታቸውን ስም ተናገሩ። ከዚያ አባ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ የምታስጠሪው የለሽም?»

«እናቴ አለች።»

«ክርስትና ስሟ?»

ነጠላዬ ውስጥ የያዝኩትን መቁጠሪያዋን ጨበጥ አደረግሁ። እትዬ ብርቄ ስሙ የጠፋብኝ መሰላቸው። «ወለተ ማርያም ይበሏት አባ፤ እመቤቴ ታውቃታለች» አሉ። አባም እሺ አሉ።

በዚሁ ሊያልፍ ይችል ነበር። እናቴም በማርያም ቤት ትጠራልኝ፣ እኔም በሰላም ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ግን ወለተ ማርያም ተብላ የምትጠራው ሴትዮ የሌላ ሰው እናት ሆነችብኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ስሸሸግ ኖሬአለሁ፤ እሷ ሞታም ትሸሸግ?

«አይደለም አባ» አልኩ። «ተሬዛ ናት።»

«ማን አልሽ?»

«ተሬዛ። ካቶሊክ ናት። እኔም ካቶሊክ ነኝ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት «ጸረ ማርያም» ስትል ሰማሁ። ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች። እትዬ ብርቄ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አባ ሴትዮዋን ቀና ብለው አይተው «ጸረ ማርያም ከሆነች የማርያም ደጅ ምን አመጣት?» አሉ። ቀጥለው ለኔ «አልዋሽሽም ልጄ፤ በቅዳሴ እንድጠራት ሥርዓታችን አይፈቅድልኝም» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። መቁጠሪያዋን አውጥቼ «በዚህ ማርያምን ስትለምን ነው የኖረችው» አልኳቸው። ተቀብለው ዶቃውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው መለሱልኝ።

«እቤቴ ለብቻዬ ስጸልይስ ማን ይከለክለኛል? እስቲ ስሟን ድገሚልኝ።»

«ተሬዛ።»

«ትሬዛ?»

«ተሬዛ።»

አስተካክለው እስኪጠሩት ድረስ ተቀባበልነው። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሱቅ የተላከ ልጅ የሚገዛውን እንዳይረሳ እንደሚያደርገው፣ «ተሬዛ፣ ተሬዛ» እያሉ በበሩ ወጡ።

ስንመለስ መኪናው ጢም ብሎ ሳለ ከጎኔ የተቀመጠ አልነበረም። እትዬ ብርቄ ቤቱን ልቀቂ አላሉኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ማኅበር ሲያወጡ ጠርተውኝ አያውቁም። ከርሜ ከርሜ ተዛወርኩ። አባንም ዳግም አላየኋቸውም።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። የዚያ መኪና ጉዞ ትዝ ሲለኝ አሁንም ሆዴ ይባባል፤ ማንም አላናገረኝም። ስሟን በመናገሬ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም። ያን ጠዋት ስነሳ በጎጃም ምድር የእናቴን ስም በጸሎት የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስመለስ ሁለት ሆነን ነበር።