ሚስቱን ያሳከመው ሰው

የጋራዡ ሰዎች «ጆሮው» ይሉታል። መካኒክ ነው፤ ኮፈን ሳይከፍት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ሲሳሳት ጥፋቱ የባለመኪናው ነው፤ ወይ መጥፎ ዘይት ሞልቷል፣ ወይ መንዳት አያውቅም። «ተሳሳትኩ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ብትወጣ ጥርሱ አብሯት የሚረግፍ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለውም ሰው ሚስት አያጣም፤ አገባ። ብዙም ሳይቆይ አንሶላው ላይ ደም ታየ። አንዴ ቢሆን ማንንም ባልገረመ ነበር፤ ግን ሰነበተና ተመልሶ መጣ፣ ደግሞም መጣ። በዚያው ሰሞን ጆሮው ከብልቱ ራስ ሥር ምላጭ እንደነካው ያለ ሕመም ይሰማው ነበር። ሲታጠብ ቆዳው ተሰንጥቆ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ነካኝ?» ይላል። እሱ ግን ደሙ የሚስቱ ነው፣ እሱን የሰነጠቀውም የእሷ በሽታ ነው ብሎ ቁጭ አለ።

ለእናቱም ነገረ። ለእናቱ መንገር ለሰፈሩ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው። እሳቸውም ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች እያዩ፣ የታመመች ልጅ ደብቀው ዳሩብን ማለት ጀመሩ። ሚስቲቱ ቀኑን ሙሉ በልብስ ንጽሕና ቤት የሰው አንሶላ ስታጥብ ትውልና ማታ ማታ ከክሊኒክ ክሊኒክ ትዞር ጀመር። ያያት ሐኪም ሁሉ ደኅና ነሽ አላት። ጆሮው ደግሞ ሐኪም ተብዬዎቹ የማይረቡ ናቸው አለ። በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደም ከታየ ወደ ወንድሟ ቤት እንደሚመልሳት ቁርጡን ነገራት።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ አብሯት ሐኪም ዘንድ እንዲገባ። ሐኪሙን ላፋጥጠው ብሎ ገባ። ሐኪሙ ግን ሁለቱንም አዳምጦ፣ አንተንስ ማን አይቶህ ያውቃል አለው። ጆሮው ሱሪውን ሲያወርድ ቤቱን በሐራጅ የሚሸጡበት ይመስል ነበር።

«ምላስህን ስታነሣ ከሥሯ የምትታይ ክር የመሰለች ቆዳ አለች አይደል?» አለው ሐኪሙ። «ከብልት ራስ ሥርም እንደዚያች ያለች አለች። የተቀደደችው እሷ ናት። ደሙ ያንተ ነው።»

ከዚያም ረጋ ብሎ አስረዳው። ያቺ ቆዳ የብልቱን ራስ ከሥሩ ካለው ቆዳ ጋር ታያይዛለች፤ ቆዳው ወደ ኋላ ሲሸሽ ልክ ታስይዘዋለች፣ መልሳም ትስበዋለች። በግርዛት ጊዜ ከአንዳንዱ ሰው ላይ ትነሣለች፣ ከአንዳንዱ ላይ ትቀራለች። ነርቭ ስለሚበዛባት ደስታው እዚያ ይበረታል፤ ትንሽ የደም ሥርም ስለምታልፍባት ጥቂት ስትቀደድ ሰው እስኪደነግጥ ትደማለች። አንዳንዱ ሰው ላይ ከተፈጥሮዋ አጭር ናት፤ ብልቱ ሲቆም ራሱን ወደ ታች ትጎትተዋለች፣ በድርቀትና በጥድፊያ ጊዜም ትሰነጠቃለች። እስክትድን ካልታገሡ እንደገና ትቀደዳለች፤ ጠባሳው እየጠነከረ ደግሞ ይብስ ታጥራለች። ለአንዳንዱ ዕረፍትና ማለስለሻ ቅባት ይበቃዋል። ለጆሮው ግን ቦታውን አደንዝዞ፣ ቆዳዋን ቆርጦ አስረዝሞ መስፋት ይሻላል፤ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፣ ቁስሉ እስኪድን ግን ከሚስቱ ይታቀባል።

ጆሮው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ካርዱ በሚስቱ ስም ሊወጣ ይችል እንደሆነ።

በራሱ ስም ተሰፋ። እግሩን ከፈት አድርጎ ሲራመድ ለእናቱ፣ ሞተር ሲያነሣ ወገቡን እንደተቀጨ ነገራቸው። ዳነ፤ ደሙም ቀረ። ታዲያ አንድ ቀን እናቱ ስለ ምራታቸው ጤና ቢጠይቁት፣ እሷ እዚያው ልብስ እያጣጠፈች፣ አሳክሜያት ድናለች አላቸው። እናትየው ፈጣሪን አመሰገኑ። ወደ እሷም ዞረው፣ ሌላ ባል ቢሆን አውጥቶ ይጥልሽ ነበርና ጉልበቱን ሳሚ አሏት።

ልብሱን አስቀመጠች።

«እማማ፣ የተሰፋው ልጅዎ ነው። የሚደማውም እሱ ነበር። ይኸው አጠገብዎ ነው፣ ይጠይቁት።»

አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር። ሚስቱም ለዚያች ቃል ቆማ ጠበቀችው።

«አዩልኝ?» አለ ጆሮው ለእናቱ። «በሽታው ወደ ጭንቅላቷ ወጣ።»

ሚስቲቱ ልብሷን ሰብስባ፣ ሳያባርራት በገዛ እግሯ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። እናቱ ልጃቸውን ከወገቡ በታች ትክ ብለው አዩት። ያን ቀን ለጎረቤት የሚያወሩት አልነበራቸውም።